ወደ ቤት የወሰድኳቸው ሦስት ጋውኖች

ከሽንፋ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። አባቴ ሻንጣዬን ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ ላይ ሰቀለና «ስንዱን አደራ፣ ብቻዋን ናት» አለኝ። ስንዱ ታላቅ እህቴ ናት። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው የምትኖረው፤ ባሏ ሹፌር ስለሆነ ቤት አይውልም፤ እሷ ደግሞ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እኔ እሷ ዘንድ ሆኜ ፋርማሲ ልማር ነበር የሄድኩት።

መተማ ኬላ ላይ ያለው ሰውዬ ወረቀቴን ገለባብጦ ምን ልትማሪ ነው አለኝ። መድኃኒት አልኩት።

«እንግዲያው ለወገቤ ምን ይሻለኛል?»

ገና አልጀመርኩም ስለው «ስትመለሺ መልሱን ካልያዝሽ አላሳልፍሽም» ብሎ ማህተሙን መታልኝ።

የገዳሪፍ ሙቀት የኛው ሙቀት ነው፤ የሽንፋ ወንዝ ግን የለውም። ኪስራ የሚሉት እንጀራ ይመስላል፤ ወጥ ሲጠቀልሉበት እንደ ወረቀት ይቀደዳል።

አንደኛ ዓመት እንደጀመርኩ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የካንሰር መድኃኒት በሚዘጋጅበት ክፍል ከሰዓት በኋላ በረዳትነት ተቀጠርኩ። ብልቃጥ አቀብላለሁ፣ ጠረጴዛ እወለውላለሁ። አለቃዬ ሲት ሂባ፣ ሲት እዚያ ወይዘሮ ማለት ነው፣ ሁለት ጓንት እንድደርብ፣ ጋውኑን እስከ አንገቴ እንዳስር፣ ስወጣ ሁሉንም ቢጫው በርሜል ውስጥ እንድጥል ነገሩኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ቶሎ የሚገባት ልጅ መምሰል ፈልጌ ነው።

ጓንቱን ጣልኩ። ጋውኑ ግን አሳሳኝ። አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ፣ ነጠብጣብ እንኳ የሌለበት ልብስ እንዴት ይጣላል? ሦስቱን አጣጥፌ ለስንዱ ወሰድኩላት። ደስ አላት። በእጇ አሽታ አጠበችና ለሚመጣው ልጅ መጠቅለያ አድርጋ ቆራረጠቻቸው።

በሳምንቱ አንዲት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ወረቀት ልታስፈርም መጣች። ሲት ሂባ በር ላይ አስቆሟት። ስትሄድ ለምን እንዳላስገቧት ጠየቅኳቸው።

«ይሄ መድኃኒት እያደገ ያለ ሴል ነው የሚገድለው» አሉኝ። «ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ ደግሞ ሁለመናው እያደገ ነው። ብናኙ በዓይን አይታይም፤ ልብስ ላይ ይቀራል።»

ብናገር የምባረር መሰለኝ፤ ዝም ብል ደግሞ ጨርቆቹ ከስንዱ ራስጌ ተደርድረዋል። ነገርኳቸው። አልጮኹብኝም፤ ቢጮኹብኝ ይሻል ነበር። ስንት ቀን እንደነካቻቸው፣ በባዶ እጇ አጥባ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጓንትና ድርብ ከረጢት ሰጥተው ጨርቆቹን እንዳመጣ፣ እሷንም ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ እንድወስዳት አዘዙኝ።

«ልጁን ጎድቶት ይሆን?» አልኳቸው።

«ላይሆን ይችላል። ግን አልዋሽሽም፣ አላውቅም።»

ሐኪሟ ልቡ ይመታል አለች፤ ሌላውን ሲወለድ እናየዋለን አለችን። ስንዱ አልተቆጣችኝም። መንገድ ላይ «አንቺን ብሎ መድኃኒት ቀማሚ» አለችኝና ክንዴን ተደግፋ ሄደች።

በየሰው አገር ሆስፒታል የምትሠሩ እህቶቼ፣ ጣሉ የተባላችሁትን ጣሉ። ለምን እንደሆነም ጠይቁ፤ አትፈሩ።

ትናንት እናቴ ደወለች። ስለ ዝናቡና ስለ አረሙ አውርታ ስታበቃ ስንዱስ አለችኝ። ስንዱ አጠገቤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። እንዳትነግሪያት ብላ ራሷን ነቀነቀችብኝ።

«ተኝታለች እማ።»

«ልጁስ ይራገጣል?»

ስንዱን አየኋት። ከቁርስ ጀምሮ ሁለታችንም እርግጫውን ነበር የምንጠብቀው።

«በጣም ይራገጣል» አልኳት።