በጭላጭ ናፍጣ

በሱዳኗ ገዳሪፍ መናኸሪያ ውስጥ የባንታምላክን መኪና ለመለየት ቀለሟን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ራቁቷን የቆመችውን መፈለግ ነው። የሌሎቹ ቦክሲዎች፣ እዚያ ፒካፕን እንዲህ ነው የሚሏት፣ ጣሪያቸው ላይ የብረት ፖርቶመጋላ፣ ግንባራቸው ላይ ወፍራም መከላከያ ተበይዶባቸዋል። ባንታምላክ ሁሉንም አስነቅሎ ሸጧል።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ዶሮህን ነጭተህ ጨርሰሃል። ወጡ መቼ ነው?» ይለዋል ሱዳናዊው ሾፌር ሙዳሲር።

«ያንተ ላባ ናፍጣ ይጠጣል» ይመልስለታል።

ባንታምላክ ሰሊጥ ሊያጭድ ከመተማ በረሃ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። መጀመሪያ ረዳት፣ ኋላ ሾፌር ሆነ። የሱዳኑ ጦርነት መጥቶ ማደያዎቹ ሲደርቁ ብዙዎች መኪናቸውን አቆሙ። እሱ አነዳዱን ቀየረ። የአየር ማጣሪያውን በየማታው አውጥቶ የጥቁሩን አፈር ብናኝ ያራግፋል። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ሞተር አያስነሳም። ከፊቱ ከብት ካየ ገና ከሩቁ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል፤ መኪናዋ በራሷ ጊዜ ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ፍሬን መርገጥ የገዙትን ናፍጣ መሬት ላይ እንደ መድፋት ነው፣ በእሱ ቤት።

ሰውን የሚያስቀው ግን የጎማው ነገር ነው። ዝናብ የነካው ጥቁር አፈር እንደ ሊጥ ስለሚይዝ፣ ወደ እርሻ የሚገባ ሾፌር ሁሉ ጎማውን ያስተነፍሳል። አስፋልት ሲወጣ መልሶ የሚነፋ ግን የለም፤ ከተማ ሲደርስ ያስነፋዋል። የላላ ጎማ ነዳጅ እንደሚበላ ማንም ያውቃል፣ ማንም አይወርድም። ባንታምላክ ይወርዳል። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ በእግር ፖምፓ ይነፋል፤ ተሳፋሪው ይነጫነጫል፣ እሱ ይነፋል።

አምና መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ሰው አራግፎ ሊመለስ ሲሰናዳ፣ ማዶ ካለ የሰሊጥ እርሻ ጠሩት። ሰማኸኝ የሚባል የጎንደር ልጅ የታጨደ ሰሊጥ ሲያቅፍ እባብ ነድፎታል። ክንዱ እስከ ትከሻው አብጧል። መድኃኒቱ ያለው ገዳሪፍ ነው፤ በአካባቢው ደግሞ ሌላ መኪና የለም።

ባንታምላክ የነዳጁ ሰልባትዮ ውስጥ ሽቦ ነክሮ አየ። የቀረው ጭላጭ ነው። ቸኩሎ ከነዳ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ቀስ ካለ፣ ምናልባት።

ሰማኸኝንና ታላቅ ወንድሙን ስማቸውን ጋቢና አስገብቶ ጭቃውን አለፈ። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመ።

«ምን ሆነች?» አለ ስማቸው።

«ጎማ ልነፋ ነው።»

«ጋሼ፣ ወንድሜ እየሞተ ነው።»

«አየሁት። ና ፖምፓውን ርገጥልኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤናም የለህ?»

«በዚህ ጎማ ከሄድን ናፍጣዋ ግማሽ መንገድ ላይ ታልቃለች። ከዚያ ወዲያ በጀርባህ ትሸከመዋለህ። ርገጥ።»

ስማቸው እየተሳደበ ረገጠ።

አስፋልቱ ባዶ ነበር። ባንታምላክ ቶሎ ወደ ከፍተኛው ማርሽ ገብቶ እግሩን እንደ እንቁላል አሳረፈ። የልጁ ትንፋሽ ጆሮው ሥር ይሰማዋል። እግሩ ሊጫን ፈለገ፤ ከለከለው።

«ንዳው እንጂ፣ በግመል ነው እንዴ የምንሄደው?»

«አንተ ወንድምህን አጫውተው። እንዳይተኛ።»

«ጋሼ» አለ ሰማኸኝ፣ ምላሱ እየተሳሰረ፣ «እባቡ ከዚህች መኪና ይፈጥናል።»

ባንታምላክ ሳቀ። መናገሩ ደስ አሰኘው። የነዳጁን ጠቋሚ ግን አላየም፤ መርፌዋ ከወደቀች ቆይታለች።

የከተማው የእህል ጎተራ ብቅ ሲል ሞተሩን ትን አለው። እግሩን ጨርሶ አነሳ፤ መኪናዋ ተንከባለለች፤ እንደገና ነካ ሲያደርጋት ያዘች። እንዲያ እያባበለ ሆስፒታሉ በር ላይ አደረሳት። እዚያው ናፍጣዋ አልቆ ጠፋች። ስማቸው ወንድሙን አዝሎ እየሮጠ ገባ።

ባንታምላክ መሪው ላይ ተደግፎ ቀረ። ዘበኛው በአረብኛ ይጮህበታል፤ በሩን ዘግተሃል፣ አንሳት ይላል። የባንታምላክ ዓይን ግን ስማቸው የገባበት ኮሪደር ላይ ነው።

ቆይቶ ስማቸው ወጣ። ሸሚዙ በላብ ርሷል።

«መድኃኒቱን ወግተውታል። ስለ ክንዱ አናውቅም አሉ። እሱ ግን ይተርፋል።»

«ተመስገን።»

«ሰውየው ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

«መኪናዋን አንሳ ነው የሚለኝ።»

«አስነሳት እንጂ።»

«በምን?»

ስማቸው መኪናዋን አየ። ከኋላ ዞሮ ትከሻውን አስጠጋ። ባንታምላክ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መሪውን ያዘ። ዘበኛውም ጩኸቱን አቁሞ፣ ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ከስማቸው ጎን ሆኖ ገፋ።