የጋሽ ተካ ማይክሮሜትር

ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ልገዛ ፒያሳ ወጥቼ፣ እግረ መንገዴን የድሮውን ደጃች ውቤ ሰፈር ልይ ብል መግቢያ መውጫው ጠፋብኝ። ቤቶቹ ፈርሰዋል፣ መንገዱ ሰፍቷል፣ አበባ ተተክሎ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። አንዱ ላይ ተቀመጥኩና የጋሽ ተካ ቤት በየት በኩል እንደነበረ ለማሰብ ሞከርኩ። ከዳቦ ቤቱ ወደ ታች ሁለተኛው ቅያስ ነበር። ዳቦ ቤቱም የለ፣ ቅያሱም የለ። አንድ ጥበቃ መጥቶ "አባት፣ ጠፋብዎት እንዴ?" አለኝ። የጠፋብኝ ቤት መሆኑን ብነግረው ነገሩ ይረዝማል ብዬ፣ እያረፍኩ ነው አልኩት።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ሁለት ዓመት ሰው ጋራዥ ከሠራሁ በኋላ አንድ አሮጌ ቶርኖ ገዛሁና እሪ በከንቱ ሰፈር፣ እናቴ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ከለልኩለት። የማሽን ባለቤት ሆንኩ ብዬ ስንጠባረር ዋናውን ነገር ረስቼው ኖሯል። ቶርኖ ብረቱን እያሽከረከረ ይቆርጣል እንጂ አይለካም። የፀጉርን ውፍረት የሚለይ ማይክሮሜትር ከሌለህ ሥራህ ሁሉ ግምት ነው። አዲስ መግዛት ለእኔ የማይታሰብ ነበር። ያገለገለ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ፤ የማገኘው ግን ወይ የዛገ ነው፣ ወይ ወድቆ የተጣመመ።

ስለ ጋሽ ተካ የነገረኝ አብሮ አደጌ ግርማ ነው። ዕድሜያቸውን በቶርኖ ሙያ የፈጁ፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ሥራ ያቆሙ ሰው ናቸው፣ መለኪያቸውን ሊሸጡ ነው አለኝ። ግርማ የአራዳ ልጅ ነውና ምክሩንም አልነፈገኝም። "ፋራ እንዳትሆን። እቃው ቢያምርህም ፊትህ ላይ አይታይ። መጀመሪያ አጣጥለው፣ ከዚያ ስለ ዋጋ ታወራለህ።" ለዚህ እንኳ መካሪ አያሻኝም ነበር። እኛ ሰፈር ጎመን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ጎመኑን ይሰድባል። ሻጩም ገዢውም ይህን ያውቃሉ፤ ማንም ማንንም አይቀየምም።

ጊዜው ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም ነበር። ዝናቡ አባርቶ መንገድ ዳር በቆሎ ይጠበሳል፤ ሽታው እስከ ግቢያቸው ድረስ ተከተለኝ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። ጋሽ ተካ በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለውን ማይክሮሜትር ከሳጥኑ አወጡ። ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ቢሆንም ጣታቸው ብረቱን ያውቀዋል። ተቀብዬ ብዘጋው ዜሮው ላይ ቁጭ አለ። ልኩን የማውቀው ቁራጭ ብረት ይዤ ሄጄ ነበር፤ ብለካበት ዝንፍ አላለም። እንዲህ ያለ ንጹሕ መለኪያ እጄ ገብቶ አያውቅም። የጠሩት ዋጋ ተገቢ ነበር፤ ገንዘቡም ኪሴ ውስጥ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ከንፈሬን መጠጥ አድርጌ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ትንሽ ይዋሻል" አልኩ።

ስለ ዋጋው ይከራከራሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ስንት ነው የሚስተው?"

መመለስ የምችለው እዚህ ላይ ነበር። እኔ ግን ውሸቴ ሚዛን እንዲደፋ ቁጥር ጨመርኩበት፤ ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር ይሆናል አልኩ። አብዝቶ ነው ወይስ አሳንሶ የሚያሳየው ብለው ጠየቁኝ። አፌ እንዳመጣልኝ፣ አብዝቶ ነው አልኩ።

ጋሽ ተካ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ወደ ባለቤታቸው ዞሩና "እንግዲያው ዘንጉ ቀጥኖ ነበራ" አሉ።

ነገሩ ምን እንደሆነ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ከብዙ ዓመት በፊት ወሊሶ ለሚገኝ አንድ ወፍጮ ቤት በዚሁ ማይክሮሜትር እየለኩ ዘንግ ሠርተው ነበር። ዘንጉ ላይ የገባው ኩሽኔታ፣ ዘንጉን አቅፎ የሚይዘው ቀለበት፣ ላልቶ ወጣ፤ የተፈታው ቺንጋ፣ ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ የወፍጮውን ሠራተኛ ቀኝ እጅ ቆረጠው። ሽማግሌ ሲቀመጥ ጋሽ ተካ የለካሁት ልክ ነው ብለው በአራዳው ጊዮርጊስ ማሉ። በዚያች መሐላ ተማምነው ነው የኖሩት። መለኪያው አብዝቶ የሚያሳይ ከሆነ ግን ልክ ነው ያሉት ዘንግ ቀጭን ነበር ማለት ነው። የማሉትም በሐሰት ነው።

ድንጋጤዬን አልረሳውም። ዋጋ ለማስቀነስ ብዬ ነው እንጂ መለኪያዎ ልክ ነው አልኳቸው፤ ማልኩ፣ ተገዘትኩ። በእጃቸው ትከሻዬን ፈልገው ያዙና "ደግ ልጅ ነህ" አሉኝ። ሽማግሌ ላለማሳዘን የምቀጥፍ መስሏቸው ነው። የሚዋሽ እቃ ለሰው አልሸጥም ብለውም ማይክሮሜትሩን መልሰው ጠቀለሉት።

በሳምንቱ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህሬን ለምኜ ይዣቸው ሄድኩ። እትዬ ብርቄ በር ላይ ያዙኝ። "ምን ብለኸው ነው? ያቺን ብረት ሲከፍት ሲዘጋ ነው የሚውለው፤ እህልም አይቀምስም" አሉኝ። መምህሬ ሦስት ጊዜ ለክተው እንከን የለበትም አሉ። ጋሽ ተካ በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፣ ልጁ ለምኖዎት ነው የመጡት ብለው ጠየቁ። መምህሬ መዋሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸውና አዎ አሉ። "እግዜር ይስጥልኝ" አሉ ጋሽ ተካ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ዓይናቸው ቢያይ ኖሮ ዜሮዋን ራሳቸው አይተው ይስቁብኝ ነበር። አሁን ግን የሚያዩት በሰው ዓይን ነው፣ እኔ ደግሞ ቀድሜ ዋሽቻቸዋለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ተረት ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

መስቀል እንዳለፈ እትዬ ብርቄ እጃቸውን ይዘው ወሊሶ ወሰዷቸው። አብሬያችሁ ልሂድ ብዬ ለምኜ ነበር፤ ጋሽ ተካ አንተን አይመለከትህም አሉኝ። ሲመለሱ እትዬ ብርቄ እንደነገሩኝ፣ ጋሽ ተካ እጁ የተቆረጠው ሰውዬ እግር ላይ ወደቁ። ሰውየውም በቀረችው እጁ አንስቶ፣ ለእግዜር ብዬ ይቅር ብያለሁ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ተካ ቀለል አላቸው፤ እህልም መቅመስ ጀመሩ። ይህን ካየሁ በኋላ እውነቱን ደግሜ ልነግራቸው አልደፈርኩም። ያገኙትን ዕረፍት ልነጥቃቸው ነው?

ማይክሮሜትሩ በኋላ የት እንደደረሰ አላውቅም። እኔ ሌላ ገዛሁ፣ ሠርቼበት ልጆች አሳደግኩበት፣ አሁን እኔም ሥራ አቁሜያለሁ። ያ ዘንግ ለምን እንደላላ ዛሬም የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ባለፈው ሳምንት አግዳሚው ላይ ሆኜ ይህን ሳስብ ጥበቃው ራቅ ብሎ ቆሞ ያየኝ ነበር፤ አሳዝኜው ይሆናል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ፤ እግር ላይ የወደቁት ግን እሳቸው ናቸው።