በቡሬ አዳራሽ ፔዳል ፍለጋ

መድረክ ላይ ጫማዬን ያወለቅሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ቡሬ አዳራሽ፣ ስለ ማዳበሪያ በተጠራ ስብሰባ ላይ። ቡሬ ላይ የሚወራው ሌላ ነው። የሆነውን እኔው ብናገረው ይሻላል።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኪነት ቡድን በኮንትራት ክራር እመታ ነበር። መንገድ ያሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ዕቃውን ለመሥሪያ ቤታችን ትቶ ሄደ። ከዕቃው መካከል አራት እግር ያለው፣ ላዩ ላይ አሥር አውታር የተወጠረበት፣ ሥሩ ሦስት ፔዳል የተንጠለጠለበት ነገር ነበር። ፔዳል ስቲል ጊታር እንደሚባል ያወቅነው ቆይተን ነው። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ግን እስኪጣራ አልጠበቀም፤ «ባለ አውታር የብረት ጠረጴዛ» ብሎ መዝግቦ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ታይፒስቷም ሳምንት ያህል ምሳዋን በላችበት።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ቁጭ ብለህ በግራ እጅህ ድብልብል ብረት አውታሩ ላይ ታንሸራትታለህ፣ በቀኝህ ትመታለህ፣ በግራ እግርህ ፔዳል ትረግጣለህ። ፔዳሉ ሲረገጥ ከሥር አውታሩን ይስበውና ድምፁ ይቀየራል። መሐንዲሱ የአገሩን ዘፈን ይጫወትበት ነበር። እኔ በፒንሳ ገባሁበት፣ አምስት ወር ታገልሁ፣ በእኛ ቅኝት አስገባሁት። ሳይረገጥ ትዝታ ነው። መካከለኛው ሲረገጥ አንቺ ሆዬ፣ የሠርጉ። የቀኝ ዳሩ ሲረገጥ አምባሰል፣ የእንጉርጉሮው። የመጀመሪያው ፔዳል ምን እንደሚያደርግ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ አልነካውም ነበር።

ይህን ሁሉ የታገልሁት ለጥበብ ብዬ አይደለም፤ ለሴት ብዬ ነው። ቡሬ ውስጥ የምወዳት ልጅ ነበረች። አባቷ የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ለማኅሌት የሚቆሙትን ተማሪዎች የእጅና የእግር እንቅስቃሴ ያስተምራሉ፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ሽማግሌ ላክሁባቸው። የኔታ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው፣ ጠላ አስቀድተው፣ ልጁ ክፉ አይደለም፣ ግን ቋሚ ሥራ ይያዝና ተመለሱ አሏቸው። አዝማሪ የሚለውን ቃል ከአፋቸው አላወጡም። ሽማግሌዎቹ ግን ሰምተውት መጡ።

ቋሚ መደብ ደግሞ የነበረው አንድ ነው። ኃላፊያችን በግምገማ ላይ ተነሥተው፣ የብረት ጠረጴዛው አገልግሎት ከሰጠ ተጫዋቹ ቋሚ ይሆናል፣ ካልሰጠ ጠረጴዛው ወደ መጋዘን ተጫዋቹም ወደ ቤቱ ይገባል አሉ። የሚፈተነውም ቡሬ፣ በገበሬዎቹ ስብሰባ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ካህናትና ሽማግሌዎች ከፊት ይቀመጣሉ፤ የኔታም አሉበት። እንግዲህ ልጅቷን የማገኘውም የማጣውም በዚያች ከሰዓት ነው።

የምለማመደው መጋዘኑ በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር። ታይፒስቷ አዝናልኝ ፔዳሎቹን ጥፍር ቀለም ቀብታልኛለች፤ ቀዩን እያየሁ ቀዩን እረግጣለሁ፣ ሮዙን እያየሁ ሮዙን። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፤ እግሬ ምንም ሳይማር ዓይኔ ተመረቀ።

አዳራሹ በቀን ጨለማ ነው። የመስኮቱ መስታወት ስለረገፈ በቆርቆሮ ተመትቷል። መብራት ጠፍቷል። ጄኔሬተሩ የሚችለው የድምፅ ማጉያውንና አንድ አምፖል ነው፤ አምፖሉም ተናጋሪው ጽሑፋቸውን እንዲያነቡበት እሳቸው ራስ ላይ ተንጠልጥሏል። ቁጭ አልሁና ወደ ታች አየሁ። ጥፍር ቀለሙ ይቅርና እግሬም አልታየኝ። ለዚያ ቀን ብዬ የገዛሁት ጫማ ደግሞ ሶሉ ሦስት ጣት ያህላል፤ ብረት ልርገጥ ሳንቃ ልርገጥ በምን ልወቅ?

በሠርግ ዜማ ጀመርን። መካከለኛውን የረገጥሁ መስሎኝ የዳሩን ረገጥሁ፤ ሠርጉ እንጉርጉሮ ሆነ። ዘፋኛችን ልምድ ያላት ሴት ናት፤ ሙዚቃው ወደ ሄደበት ትሄዳለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተከተለችኝ። ስለ ማዳበሪያ ሊነገራቸው የመጡ ገበሬዎች አንገታቸውን ደፉ። ከኋላ ከንፈር ሲመጠጥ ሰማሁ። ልመለስ ብዬ እግሬን ሳንቀሳቅስ ሶሉ በሁለቱ ፔዳሎች መካከል ገብቶ ተቀረቀረ። ሊፈትነኝ አብሮ የመጣው የግምገማ ኮሚቴ መጻፍ ጀመረ።

ያኔ ነው መጫወቴን አቁሜ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ተጎንብሼ ጫማዬን የፈታሁት። ካልሲዬንም ጭምር።

ፊት ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ይህን አዩ። በእኛ አገር ሰው ጫማውን የሚያወልቅበት ቦታ የታወቀ ነው። እሳቸው ያልሰሙት አንድ ነገር ያለ መሰላቸውና ኮንጎ ጫማቸውን አወለቁ። አጠገባቸው ያሉትም እሳቸውን አይተው አወለቁ። ቄሶቹ ምእመን ቀደመን ብለው ቸኮሉ። ነገሩ ወደ ኋላ በየወንበሩ ሄደና በመጨረሻ አዳራሹ በሙሉ በባዶ እግሩ ቆመ። ተጫምቶ የተቀመጠ ኮሚቴው ብቻ ነበር፤ ሰዉም ገላመጠው።

ብረቱ ይቀዘቅዝ ነበር። በአውራ ጣቴ ጠርዙን ዳበስሁ፣ አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርሁ፣ ረገጥሁ። አንቺ ሆዬ ወጣች። ከዚያ በኋላ አንድም አልሳትሁም። እንደዚያ አሳምሬ ተጫውቼበት አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ በእርግጥ ጭራሽ አልተጫወትሁበትም።

ሲያልቅ ያጨበጨበ የለም። ሰዉ አማተበ፣ ጫማውን አነሣ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። ማዳበሪያው ተረሳ። በግምገማው ቅጽ ላይ «የሕዝብ ስሜት» የሚል ቦታ አለ፤ የሚሞላው በጭብጨባ ነው። ኮሚቴው «ጭብጨባ የለም» ብሎ ሞላው። ኃላፊዬ እዚያው መጥተው እጄን ጨበጡና ከወሩ መጨረሻ ወዲያ እንዳልመጣ ነገሩኝ።

ካልሲዬን እንደያዝሁ እዚያው ቁጭ አልሁ። በር ላይ ሰዎች ስለ እኔ ሲያወሩ ይሰማኛል፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ ልጅ ነው፣ ዜማ አክብሮ ጫማውን አወለቀ ይላሉ።

የኔታ አልወጡም ነበር። በመቋሚያቸው እየተደገፉ ቀስ ብለው ወደ መድረኩ ወጡና አጠገቤ ቆሙ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ጫማህን ለምን አወለቅህ?» አሉኝ።

ለአክብሮት ነው ብላቸው ልጅቷ የእኔ ናት፤ ይህ አልጠፋኝም። ልልም አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ሰውዬው ዕድሜያቸውን የሰው እግር ሲያርሙ የኖሩ ናቸው፤ ስለ እግር ልዋሻቸው አልቻልሁም።

«ፔዳሉ አልታይ ብሎኝ ነው፣ የኔታ» አልሁ።

«እሱንስ አውቄዋለሁ። እግርህ ሲፈልግ ሰምቻለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእኔም ዓይን እምቢ ካለ ሦስት ዓመቱ ነው። ማኅሌት ስቆም ቦታዬን የማገኘው ምንጣፉን በእግሬ ዳብሼ ነው። ደብሩም ልጄም አያውቁም። ለማንም እንዳትናገር።»

የኔታ ቀስ ብለው ሲራመዱ ቡሬ ሁሉ ግርማ ሞገስ ነው ይል ነበር። እኔም እል ነበር።

ሥራው እንደቀረብኝ ነገርኋቸው። መስማታቸውን ተናገሩና ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላካቸው አሉኝ፤ ስለ ተራ ነገር እንደሚያወሩ ሁሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«አሁን አውርደኝ። ስወጣ ደረጃው አስቸግሮኛል።»

ምሥጢራቸውን ጠበቅሁ። ለሚስቴ እንኳ የነገርኋት የኔታን ከቀበርን በኋላ፣ ከሐዘኑ ድንኳን ሰው ሲሳሳ ነው። ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ለካ ከመጀመሪያው ታውቅ ኖሯል፤ እኔ ቤት እስክትገባ ድረስ በየማለዳው እየተነሣች ጫማቸውን እግራቸው የሚያገኘው ቦታ ላይ ታስቀምጥላቸው የነበረችው እሷ ናት።