ከወንዙ ማዶ የሚመጡት ሴት

ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም። የአቃቂን ወንዝ ውሃ ልንመረምር ድንኳን በተከልንበት ሳምንት፣ ጠዋት ጠዋት ቀድመውን የሚደርሱት እሳቸው ነበሩ። ዕድሜያቸው ስልሳ ይሆናል። የወንድ ኮት ደርበው፣ ጭቃ የደረቀበት ቦቲ ጫማ ያደርጋሉ። ጎመን ሲቀነጥሱ የኖሩት ጣቶቻቸው ጠቁረዋል።

ምርመራችን ቀላል ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ተፈጥሮው የተለወጠ ባክቴሪያ ይዘናል። ውሃው ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ካለ፣ ባክቴሪያው ይዘን በመጣነው ጨለማ ሳጥን ውስጥ ያበራል።

መጀመሪያ ቀን ጎመናቸውን ከሚያጠጡበት ወንዝ በሃይላንድ ቀድተው አመጡ። አበራ። በማግስቱ ከጓሯቸው ጉድጓድ አመጡ። እሱም አበራ።

"ሠላሳ ዓመት የበላነው ይኼንን ነው?" አሉ።

በሦስተኛው ቀን ከጉያቸው ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ አወጡ። ነጭ ነገር ይዟል።

"እማማ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የልጄ የጡት ወተት ነው። አራስ ናት። ያሳደግኳት በዚያው ጎመን ነው።"

ባክቴሪያው የተሠራው ለውሃ ብቻ እንደሆነ፣ በወተት ብንሞክረው እውነቱን እንደማይነግረን አስረዳኋቸው። ሐኪም ቤት ደሟን ትመርመር አልኳቸው። ለካ ወስደዋት ነበር፤ "ይኼ ምርመራ እኛ ጋ የለም" ተብለው ተመልሰዋል።

ጠርሙሱን መልሰው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።

"ሕፃኑ ይኼኔ ተነስቷል" አሉ ቀስ ብለው። "ሄጄ ምን ልበላት? ጡት ታጥባው ወይስ ትከልክለው?"