ቀዩዋ የእሽቅድምድም መኪና እና የአባቴ ጆሮ

ልጅ እያለሁ ሥራዬ የአባቴ ጆሮ መሆን ነበር። እኩዮቼ ልጅነታቸውን ሲያነሱ ገበጣውን፣ የቦርከናን ውሃ፣ የማሽላ እሸቱን ይጠራሉ፤ እኔም አብሬ እጠራለሁ፣ ነበረና። መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ግን ድካም ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ማታ ማታ እንደ ቀን ሠራተኛ ወገቤን ያመኝ ነበር። ይህን ስናገር የሚያምነኝ የለም።

አባቴ ሰይድ ከሚሴ ውስጥ የአቶ መንገሻ ወፍጮ ቤት ሞተሪስት ነበር። ልብሱ ናፍጣና ትኩስ ዱቄት ይሸት ነበር፤ ቢታጠብም አይለቅም። ከዚያ ሞተር አጠገብ ዓመታት ቆሞ ቆሞ ጆሮው ቀስ በቀስ አለቀ። ይህን የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። አቶ መንገሻ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን ሌላ አገር ያለ ወፍጮ የአንድ ሠራተኛ ክንድ ከቆረጠ ወዲህ «የሞተር ድምፅ የማይሰማ ሰው ወፍጮዬ አጠገብ አይቆምም» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባቴ ደግሞ ከሞተር ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ቤት ውስጥ አምስት ልጆች ነን።

ስለዚህ ጠዋት እኔ ስማር እናቴ እህል የምታበጥር መስላ በሩ ላይ ትቀመጣለች። ከሰዓት በኋላ ተራው የኔ ነው። ከግራ ጎኑ እቆማለሁ። ሰው ሲጠራው ክርኑን አንዴ እቆነጥጠዋለሁ፣ የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ሁለቴ። አቶ መንገሻ ሲያናግሩት ደግሞ ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ ያሉትን ያለ ድምፅ እደግመዋለሁ፤ ከከንፈሬ ላይ ያነባል። ሞተር ሲበላሽበት የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ ያሳርፍና እጀታውን በጥርሱ ነክሶ ንዝረቱን ያዳምጣል። ገበያተኛው «ወይ ጥበብ!» ይላል። ጥበብስ ነበር፤ በጆሮው ያጣውን በጥርሱ መፈለጉን ግን ያየ አልነበረም።

አንድ የገበያ ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ የመኪና እሽቅድምድም በከሚሴ አለፈ። ሕዝቡ አቧራውን እየጠጣ ዳር ቆሞ አየ። ከመጨረሻዎቹ አንዷ፣ ከትከሻዬ የማትበልጥ፣ በሯ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ቀይ መኪና፣ ሾፌሯ ውሃ ሊጠጣ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ አቆማት። ጠጥቶ ሲመለስ አልነሳም አለች። ሾፌሩ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ የአርመን ልጅ ነበር፤ አማርኛው ከእኛ ይጠራል። እስከ አሥር ሰዓት ደሴ ካልገባ ከውድድሩ እንደሚወጣ ሊያለቅስ እየደረሰ ነገረን።

በኦሮምኛ «ማል ታኤ?»፣ ምን ሆነ፣ እያለ ገበያው ሁሉ ተሰበሰበ፤ ሁሉም ሐኪም ሆነ። አንዱ ባትሪዋ ነው ይላል፣ ሌላው ዓይን በላት ይላል። ሾፌሩ ካንዴላዎቹን ይፈታል፣ ይጠርጋል፣ ይገጥማል፤ ሞተሩ ይሽከረከራል እንጂ አይነሳም። ይሄኔ አቶ መንገሻ ወደ ውስጥ ገብተው «ሰይድ፣ ወፍጮውን አቁምና እስቲ እያት። እንግዳ ደጃችን ላይ ቀረ አይባልም» አሉ። እኔ ደገምኩለት። አባቴ ከመውጣቱ በፊት ትክ ብሎ አየኝ። እንዳትርቂኝ ማለቱ ነበር።

ሾፌሩ «እሳቱ ደህና ነው፤ ቤንዚንም ሞልቷል። ምን እንደነካት እንጃ» አለ። ይህንንም በከንፈሬ አደረስኩ። አባቴ እንደ ፈረንጅ ቆጥሮ «ሙሴ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ረጋ በል» አለውና ካቻቢቴውን ነክሶ የቤንዚን ፓምፑ ላይ አሳረፈ። «አዙረው» አለ። ፓምፑ ይመታል። ቀጥሎ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቀጭን ቧንቧ ፈታና እንደገና አስዞረው። ቤንዚን መውጣት ሲገባው ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ቧንቧውን ሲነካው ጣቱን ፈጀው። ናፍጣ የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው አየር ነው፤ ልማዱ ረዳው። «ይህቺ ልጅ አልታመመችም» አለ፤ «ከጣርማበር ብርድ ወርዳ የኛ ቆላ ላይ ስትቆም ነፋስ አጣች። ቤንዚኑ ቧንቧው ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል። ማቀዝቀዝ ነው፣ በአላህ ፈቃድ ትነሳለች።»

ቧንቧውን መልሶ ገጠመና ከትከሻው ላይ ፎጣውን አውርዶ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ ፓምፑና ቧንቧው ላይ ጠመጠመው። ፎጣው ወዲያው ይሞቃል፤ እኔ ከወፍጮው በርሜል በጣሳ ውሃ እየቀዳሁ አመላልሳለሁ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም፤ ክንዴ ዛለ። ደከመኝ አላልኩም። እሱ ግን አየኝና ጣሳውን ከእጄ ወሰደ። «አንቺ እረፊ» ብሎ ራሱ ወደ በርሜሉ ሄደ። መከተል ነበረብኝ። አልተከተልኩም። መኪናዋ ታምር ነበር፤ ዞሬ ከኋላዋ ሄጄ በሚያብረቀርቀው ጭስ ማውጫዋ ላይ መልኬን ለማየት ጎንበስ አልኩ።

ሾፌሩ አላስችል ብሎት አንዴ ሞከራት። ተነሳች። ያን የመሰለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም፤ አህዮች ገመዳቸውን በጠሱ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ሁለት እጄን ጆሮዬ ላይ ጭኜ እስቅ ነበር። አባቴ ጣሳውን ሞልቶ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ብቅ አለና፣ ያ ሁሉ ጩኸት ምድሩን እየሰነጠቀ፣ ሾፌሩን በእጁ ጠቅሶ «በል አሁን ሞክራት!» አለው።

ሰው ቀልድ መስሎት በሳቅ ፈነዳ። አባቴም ሲስቁ አይቶ አብሮ ሳቀ። ያልሳቁት አቶ መንገሻ ብቻ ናቸው። ሾፌሩ የአባቴን እጅ ስሞ ወደ ደሴ ሲፈተለክ እንኳ አላዩትም። ወደ እኔ መጡና ዝቅ ብለው «ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ። ሲቀልድ ነው ማለት እችል ነበር፤ አባቴ ቀልደኛ ነው፣ ያምኑኝ ነበር። ግን ደክሞኝ ነበር። «ሁለት ዓመት ሆነው» አልኩ። አባቴ ጣሳውን እንደያዘ ከከንፈሬ ላይ አነበበው።

በዚያው ሳምንት ሌላ ሞተሪስት መጣ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ወደ ጨፋ ሜዳ እየወረደ የሰው ማሽላ አረመ። አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። «እንኳን ተገላገልሽ፤ አሁን ሙሉ ቀን ተማሪ» ብቻ ነው ያለኝ፤ ተማርኩም።

ዛሬ የልጄ መኪና አልነሳ ስትል አንድ ጎረምሳ ትንሽ ሳጥን ይዞ ይመጣል፣ ገመዱን ይሰካል፣ ሕመሟን ከሳጥኑ መስታወት ላይ ያነብባል። የማንም ጆሮ፣ የማንም ጥርስ አያስፈልግም። እሰይ እላለሁ። የድሮው ይሻል ነበር ከሚሉኝ እኩዮቼ ጋር አልስማማም። ምክንያቱም አባቴ እንጀራውን ያጣ ዕለት እኔ አላለቀስኩም። እፎይ ብዬ ተኛሁ። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ እንቅልፍ ከዚያ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም፤ አባቴም ይቅርታ ሳልጠይቀው ሞተ።