ያለ ሞረድ እስከ አዳሚ ቱሉ

ከናዝሬት የተነሣነው በጥር፣ በመንፈቅ ዓመት ዕረፍታችን፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው። የጉዞው ባለቤት እኔ አይደለሁም፤ ታላቅ እህቴ ጽጌ ናት። ጽጌ ኢንጂነር ናት። አንድ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ዕቃን በብዛት የማምረት ትምህርት ሲሰጣቸው ከከረሙት ስድስት ሠልጣኞች ውስጥ ሴቷ እሷ ብቻ ናት። እናታችን ደግሞ «ከወንድ መንጋ ጋር ብቻዋን አዳሚ ቱሉ አትወርድም» ስላለች እኔ አጃቢ ሆኜ ተላክሁ። አጃቢነቱን እንዴት እንደወደድኩት ለእናቴ አልነገርኳትም።

የሚሄዱት ለፈተና ነው። ሠልጣኞቹ በእጅ የሚዞር የበቆሎ መፈልፈያ ሠርተዋል፤ ግን አንድ ሰው አንድ መፈልፈያ አይደለም የሠራው። አንዱ እጀታውን ብቻ፣ አንዱ በቆሎውን የሚፈለፍለውን ጥርሳም የብረት ጎማ ብቻ፣ ጽጌ ደግሞ በጎማው መሐል የሚያልፈውን ዘንግ ብቻ፣ ሁሉም በብዛት። አስተማሪያቸው ጋሽ መርዕድ ሁሉንም በየጆንያው ቀላቅለው ፋብሪካው በሰጠን መኪና አስጫኑት። አዳሚ ቱሉ ላይ፣ ገበሬዎች ፊት፣ ከጆንያው እጅ የገባው ሁሉ ያለ ሞረድ መገጣጠም አለበት። «ሞርዶ ማስገባት ጥሩ ባለሙያ ያሰኛል፤ ብዙ ለማምረት ግን አይሆንም» ይላሉ ጋሽ መርዕድ።

ፈተናውን ከሁሉ በተሻለ ያለፈ የአዲሱ ማምረቻ መስመር ኃላፊ ይሆናል። ጽጌ ካልተሳካላት ወደ ንድፍ ክፍል ተመልሳ ሌላ ሰው የነደፈውን ስትገለብጥ ትኖራለች። ይህን የነገረችኝ ጫማዋን እያሰረች ነው። ቁርስ አልበላችም።

ሞጆ ኬላ

ፈታሹ ይለፋችንን አገላብጦ አየና አንዱን ጆንያ ከፈተ።

«ይሄ ሁሉ ብረት ምንድን ነው?»

«የበቆሎ መፈልፈያ ነው፣ ጓድ» አለ ደረጀ። ደረጀ ጥርሳሙን ጎማ የሠራው ሠልጣኝ ነው። ቀልደኛ ነው፤ ሞረድ ሲይዝ ደግሞ የሚስተካከለው የለም ይባላል።

«ታዲያ ምን ሆኖ ተበታተነ?»

«አልተበታተነም፤ ገና አልተገጠመም።»

ፈታሹ ወደ ጋሽ መርዕድ ዞሮ «አባት፣ እነዚህ ልጆች ሥራ ሳይጨርሱ እኮ ነው ያሳፈሯቸው» አላቸው።

«መጨረሳቸውን ልናይ ነው የምንሄደው» አሉ ጋሽ መርዕድ እየሳቁ። አለፍን።

ቆቃና ዓለም ጤና

ቆቃ ስንደርስ ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ተዘርግታለች። የተጠበሰ አሳ በዳጣ በላን፤ አንዱ አሳ በሃምሳ ሳንቲም ነው። እኔ ሁለት ጨረስኩ። ማስታወሻ ስይዝ ያየኝ ደረጀ «ጓድ ጸሐፊ፣ አጥንቱንም መዝግቢው» አለኝ። ጽጌ ግን አሳውን ትቆነጥረዋለች እንጂ አትበላም።

«ምን ያስፈራሻል? ጎበዝ አይደለሽ እንዴ?» አልኳት።

«የሚፈተነው ጉብዝናዬ መች ሆነና። እኔ የሠራሁት እኔ በሌለሁበት ይገጥማል ወይ ነው ነገሩ።»

ዓለም ጤና ላይ ሽንኩርቱ በመንገዱ ዳርና ዳር ተከምሯል፤ ሽታው መኪናው ውስጥ ገብቶ እስከ መቂ አብሮን ሄደ። ከመቂ ወዲያ አቧራና ግራር ነው። ከዚያ በግራ በኩል የዝዋይ ሐይቅ ብቅ ሲል ሁላችንም ወደ መስኮቱ ተጠጋን።

አዳሚ ቱሉ

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ቱፋ ግራር ሥር በቆሏቸውን ከምረው ጠበቁን። በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ?» ብለው ደህንነታችንን ሲጠይቁን «ነጋ» ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ኮራሁ።

የመጀመሪያው መፈልፈያ ወዲያው ገጠመ። ኦቦ ቱፋ በቆሎ ከትተው እጀታውን ሲያዞሩት ፍሬው ጆንያው ላይ ተንዠቀዠቀ። ቀጣዩም እንደዚያው። ኋላ ላይ ግን አንዱ ዘንግ አልገባ አለ። ጽጌ ገፋችው፣ አዞረችው፣ እንቢ።

ደረጀ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ ከኮቱ ውስጥ የሞረድ ጫፍ አሳያት። «የጎማዬን ቀዳዳ አንዴ ላስፋልሽ። ጋሽ መርዕድ ወሬ ላይ ናቸው፣ አያዩም።»

አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እሺ በይ፣ እሺ በይ እያልኩ ነበር በሆዴ።

«መልሰው» አለችው።

ዘንጉን በካሊፐር ለካችና ብድግ ብላ ሁሉም እንዲሰማ «ይሄ ወፍሯል። ጎማው ደህና ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ለብቻው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና ከጆንያው ሌላ አወጣች። እሱ ሰተት ብሎ ገባ።

ኦቦ ቱፋ ግን አልዋጥ አላቸው። «ልጄ፣ ቀዳዳውን ትንሽ ብታሰፊው አይገባም ነበር?»

«ይገባ ነበር። ግን አንድ ቀን ዘንጉ ተሰብሮ አዲስ ብንልክልዎ ጎማው ውስጥ ይላወሳል። ያን ጊዜ እኛን ከናዝሬት ሊያስመጡን ነው።»

«እናንተን ከማስመጣ በእጄ ብፈለፍል ይሻለኛል» አሉ። ገበሬዎቹ ሳቁ። ጽጌ አልሳቀችም።

መልስ

መቂን ስናልፍ ጋሽ መርዕድ ከፊት ሆነው «ዘንጉ ለምን ወፈረ?» አሉ።

«የሚቀርጸው የቶርኖ ቢላ እየተበላ ሲያልቅ ዘንጉ በትንሽ በትንሹ እየወፈረ ይሄዳል» አለች ጽጌ። «ቢላውን መቼ መቀየር እንዳለብኝ አልወሰንኩም ነበር።»

«ሺህ ሲሠራ የሚበላሽ አይጠፋም። እኔ የምፈልገው የተበላሸውን ሰው ፊት የሚያወጣ ነው። መስመሩን አንቺ ትይዣለሽ።»

እጇን ያዝኩት። ደረጀ «እንግዲህ ሞረዴን ልሸጠው ነው» አለ።

«የቱን ሞረድ?» አሉ ጋሽ መርዕድ።

ደረጀ ኮቱን ቆለፈና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ቤት

ናዝሬት የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። እስከዚያ ቀን ኢንጂነር ማለት የተበላሸውን ሁሉ በእጁ የሚያቃና ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ለማያውቀው ሰው፣ ለማያየው አገር የሚያስብ ነው እላለሁ።

እናታችን በሩን ከፍታ «እንዴት ሆነልሽ?» ስትል፣ ኃላፊነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ጽጌ ቀደመችኝ፤ የጀመረችው ግን ካልገባው ዘንግ ነው። እናቴ ሁሉንም ሰምታ «ታዲያ ሰኞ ኃላፊ ሆነሽ መጀመሪያ ምን ልትሠሪ ነው?» አለቻት።

«ቢላው መቼ መቼ እንደሚቀየር እስክወስን ማሽኑን ላስቆም» አለች ጽጌ፣ የቀረበላትን ምሳ ከነእራቱ እየጎረሰች።