አውራ ጣት ያረፈባቸው ቤቶች

ልጆቹ «እትዬ ጭቃ» ይሏታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከክፍል የምትወጣው እስከ ክርኗ ጭቃ ተለውሳ ስለሆነ ስሙ ተጣበቀባት፤ እሷም ወደደችው። ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ቀድሞ የተሰባበረ ወንበር ይታጎርበት በነበረ ክፍል፣ የሰፈሩን ታሪክ ታስተምራለች። ሕጓ አንድ ነው፦ መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ አፍ። የዛገ ቁልፍም ይሁን የጡብ ቅርጽ ማውጫ፣ በሁሉም እጅ ሳይዞር ስለ ዕቃው ትንፍሽ የሚል የለም።

የሰፈሩ ታሪክ በየትኛውም መጽሐፍ አልሰፈረም። የሰፈረው ግድግዳው ላይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የቤት መሥሪያ ፈቃድ ጠየቁ፤ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ደጅ መጥናት ሲታክታቸው እየተጋገዙ ሠሩ። በግንባታው የተራዳ ሁሉ፣ ምርጊቱ ሳይደርቅ፣ ከበሩ መቃን አጠገብ አውራ ጣቱን ያሳርፍ ነበር።

«ማን እንደረዳን እንዳንክድ ብለን ነው» ይላሉ የእትዬ ጭቃ እናት። «አባትሽማ ጣቱ ወፍራም ነው፤ የትም ብታይው ታውቂዋለሽ።»

እውነትም ታውቀዋለች። ልጆቹን ይዛ ከደጅ ደጅ እየዞረች፣ ትንንሽ ጣቶቻቸውን በአያቶቻቸው የጣት አሻራ ውስጥ እንዲለኩ ታደርግ ነበር። ከዚያም ክፍላቸው ተመልሰው፣ በተጋደመ አሮጌ በር ላይ ሰፈሩን በሙሉ በሸክላ አፈር ሠሩት። ጎረቤት የሠራው ቤት ከሆነ ልጁ አውራ ጣቱን ይጫንበታል። ኋላ በፈቃድ የተሠራ ከሆነ ግን በማንኪያ ጀርባ፣ ውኃ እያስነኩ፣ ከላይ ወደ ታች ያለሰልሱታል። የአንድም ቤት ቦታ አልተዛነፈም።

የከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሊጎበኛቸው የመጣው ሥራው ባለቀበት ሰሞን ነው። «የታሪክ ፍቅር አለብኝ» አለ። ረዳቱ ካሜራ ይዟል። ኃላፊው የሸክላውን ሰፈር ዞሮ አየና ወደ አንዲት ልጅ ጎንበስ አለ። የሰፈሩ በያጅ ልጅ ናት፤ ጤፍ በሚቆላ አንደበቷ የተነሳ «ምላሴ» ትባላለች።

«ይሄ ጣት ምንድን ነው የኔ ቆንጆ?»

ምላሴ ወደ መምህሯ ዞረች።

«ንገሪያቸው እንጂ፣ የኔ እናት!» አለች እትዬ ጭቃ፣ በኩራት።

«ጣት ያለባቸው ጎረቤት ለጎረቤት የሠራቸው ናቸው። ለስላሳዎቹ ባለ ፈቃድ ናቸው።»

«ጣት ያለባቸውስ? ፈቃድ የላቸውም?»

«ማን ሰጥቷቸው!» አለች ምላሴ ደረቷን ነፍታ። «አባቴ እንደሚለው፣ እነሱ መልስ እስኪሰጡ ብንጠብቅ ኖሮ አንተ የምትወለጂው ዛፍ ላይ ነበር!»

«‹አንተ የምትወለጂው› አለች!» ብለው ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ኃላፊውም ሳቀ፤ አጨበጨበላትም። ረዳቱ ሰፈሩን ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አነሳ።

እዚህ ላይ የሆነውን በትክክል ማስቀመጥ ይገባል። ይህ ሰው አልዋሸም፤ አላስፈራራም። አዋቂዎቹን ቢጠይቅ ኖሮ ማንም እንደማይነግረው ያውቃል። ስለዚህ ማወቅ ማለት ለሌላው ማካፈል ነው ተብላ የተማረችውን ልጅ መረጠ፤ ዓይን ለዓይን ለመተያየት ሲል በጉልበቱ በረከከ። ጥሩ መምህር የሚያደርገውን አደረገ። የሸክላውን ሰፈር «ለዐውደ ርእይ» ብሎ ሲወስደውም ልጆቹ እስከ መኪናው ድረስ ተሸክመው ሸኙለት።

ብዙም ሳይቆይ በሚፈርሱት ቤቶች በር ላይ ቀይ የመስቀል ምልክት ተቀባ። እትዬ ጭቃ ምልክቱን መንገድ ለመንገድ ተከተለችው። ለስላሳ ከነበሩት አንዱም አልተነካም። ጣት ካለባቸው አንዱም አልተዘለለም። የእናቷም በር ቀልቷል።

ጽሕፈት ቤቱ ስትደርስ የሸክላው ሰፈር መግቢያው ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። «መንካት ክልክል ነው» ይላል።

«እትዬ፣ እንዴት ያለ ሥራ ነው የሠሩልን!» አላት ኃላፊው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «የእኛ ባለሙያዎች ስንት ጊዜ ይፈጅባቸው ነበር!»

«የልጆች ሥራ ነው እኮ! ማስረጃ አይደለም!»

«ለዚህ ነዋ የምናምነው። ልጅ ምን ብሎ ይዋሻል?» አለና ከልቡ አመሰገናት። ከሁሉም በላይ አንጀቷን ያሳረራት ምስጋናው ነው።

እናቷ ወቀሳ አልሰነዘሩም። «የነገርኩሽ እኔ ነኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጭቃውን እንደ ወትሮዋ አቡክታ ጠበቀች። አንድም ልጅ አልመጣም። ጭቃው ጠርዙ መሰንጠቅ ሲጀምር በያጁ ብቻውን በሩ ላይ ቆመ። ሊሰድባት መስሏት ተነሳች።

«እትዬ፣ ያቺ ልጅ ዝም አለችኝ» አላት፣ ባርኔጣውን እያሻሸ። «ዝም በይ ስላት የኖርኩ ሰው፣ አሁን ተናገሪ ብዬ እለምናታለሁ። እስቲ እርስዎ ይሞክሯት፤ እርስዎን ትሰማለች።»

ተከትላው ወደ ቤቱ ሄደች። ምላሴ ከበሩ መቃን አጠገብ ተንበርክካለች። ከጎኗ የውኃ ጎድጓዳ ሳህን፣ በእጇ ማንኪያ። የማንኪያውን ጀርባ ውኃ ውስጥ እየነከረች፣ ሳትጫን፣ ከላይ ወደ ታች ትጎትታለች። ልክ እንደተማረችው። ግድግዳው ላይ የቀረው አንድ ጣት ብቻ ነበር፤ ወፍራም።

«ምን እየሠራሽ ነው፣ የኔ ልጅ?»

ምላሴ ቀና አላለችም። «ለስላሳዎቹን አያፈርሷቸውም» አለች።

በያጁ ፊቱን አዞረ። በሩ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ከልጅቷ ጭንቅላት በላይ ነው፤ ማንኪያዋ አይደርስበትም። እትዬ ጭቃ እውነቱን ልትነግራት አፏን ከፈተች። ለዚች ልጅ እውነት መናገርን ያስተማረቻት እሷ ናት። ግን እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ከልጅቷ ጎን ተንበረከከች፤ ማንኪያውን ተቀበለቻትና የራሷን አባት አውራ ጣት ከላይ ወደ ታች አለሰለሰችው።

የበያጁ ቤት ማክሰኞ ዕለት ፈረሰ። ግድግዳው ላይ አንድም ጣት አልነበረም።